ዲግሪ ያልያዘው ባልደረባችን፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

የዘንድሮው መጽሔታችን አዘጋጆች ከዩኒቨርሲቲያችን ቤተሰብ በሞት ከተለዩን መካከል የአንዱን ሕይወት ጻፍ ሲሉኝ ብዙም ሳላመነታ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም ሰጠኋቸው። ስልክ ላይ ያለው ወዳጄ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ ለመሆኑ ሰውየው ከእኛ ዘንድ ተመርቋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተመረቀም። ገብቶ ነበር፣ ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ግን ከተመረቅነው ከብዙዎቻችን ይልቅ የግቢው ሰው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እየቆየሁ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ፉሪ ትንሽ ላውራ። ጡረታ ከወጣን በኋላ ወደዚህ ዳርቻ የመጣን የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጥቂት አይደለንም። ከመሀል ከተማ የራቅን ነን። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ አለ ቢሉን፣ ወመዘክር የመጽሐፍ ውይይት አለ ቢሉን፣ መሄዱ ባይከብድ እንኳ በምሽት ወደ ለቡና ወደ ፉሪ የሚመልስ ታክሲ ማግኘቱ መከራ ነው። ስለዚህ በወሩ የመጨረሻ እሁድ ከቡና ጋር እቤት መሰብሰብ ጀመርን። ከጀሞና ከሐና ማርያም በኩል ተማሪዎችም ይመጣሉ። ደንባችን አንድ ነው፦ ግጥም ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ማንም አስተያየት አይሰጥም። የቅኔ አዋቂ የሆኑት አንድ ታላቃችን ይህ ደንብ ጨርሶ አይጥማቸውም፤ ሰሙን ከወርቁ ሳይለዩ ዝም ብሎ መስማት ምን ይረባል ይላሉ። ምን ይደረግ፣ ደንብ ደንብ ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጋግመን ያነበብነው ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ነው። በዓይን ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ ድምፅ ሲያገኝ ሌላ ነገር ይሆናል።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ። ልጁ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ብራና ሲፋቅ፣ የመላእክት ዓይን በጥቁር ሲከበብ እያየ ነው ያደገው። ኋላ ላይ ሥዕሉ የፈረንጅ ነው እያሉ የከሰሱት ሰዎች ይህን ያውቁ እንደሆነ እንጃ። አንድ ሰው ከኢትዮጵያ ሥዕል ጋር ከዚህ በላይ ምን ያህል ሊቀርብ ይችላል?

ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። ያን ጊዜ ኮሌጁ አራት ኪሎ ነበር፤ የሚመሩትም ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳውያን፣ አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ የተመደበው በሳይንስ በኩል ነው። ያ ዘመን እንዴት እንደነበር የእኛ ታላላቆች ያውቁታል፦ ኮሌጅ የገባ ልጅ የሀገር ተስፋ ነው፣ ወንበሩና ደመወዙ ይጠብቁታል። ይህን ትቶ ሥዕል እሥላለሁ ብሎ መውጣት ቤተሰብ ፊት እንዴት ተብሎ ይነገራል? እሱ ግን ወጣ። አልፎ አልፎ ልጄ ኢንጂነሪንግ ጥሎ ሙዚቃ ልማር አለኝ ብሎ እያለቀሰ የሚመጣ ወላጅ ሲያጋጥመኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ፤ እስካሁን የተጽናናልኝ የለም።

ከዚያ ጀርመን ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ ተቀምጦ ሥዕል ተማረ። ጦርነቱ ያፈረሳት ከተማ ገና ያልተጠገነችበት ጊዜ ነው፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም መልክን ትተው በቀለምና በቅርጽ ብቻ መናገርን የያዙበት። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ አገሩ ገባና በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽኑን አሳየ። ሰው ግራ ተጋባ። ሥዕል ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ንግሥተ ሳባ፣ የዓድዋ ጦርነት፣ ወይም ቁጭ ብሎ የተሣለ መኰንን ነበር። እዚህ ግን ክብና መስመር፣ አንዳንዴም ቀይ ብቻ። የዚያው ዘመን ሥራው ጎልጎታ የስቅለት ሥዕል ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በአባቱ ብራና ላይ ያየው ነገር ማለት ነው። ግን ሸራውን ያጥለቀለቀው ቀዩ ነው፤ ተመልካቹ ታሪኩን ሳያነብ ደሙን ያያል። እኔ የሥዕል ባለሙያ አይደለሁም፤ ይሁንና ያንን ሥዕል ያየ ሰው ይህ ከኢትዮጵያ ምን አገናኘው ብሎ ሲጠይቅ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ያን ዘመን ግጥም የሚኖረው በአደባባይ ነበር። የኮሌጅ ቀን የሚባለውን በዓል ታስታውሳላችሁ፤ ያልደረሳችሁም ሰምታችኋል። በዓመት አንድ ጊዜ ስፖርቱም ጨዋታውም ይደረግና ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው የግጥም ውድድሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ያዳምጡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ደሃው ይናገራል የተባለውን ግጥሙን ያነበበው በዚህ መድረክ ነው፤ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ወራት ነበር። ስለ ድህነት በንጉሥ ፊት በአማርኛ ግጥም መናገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከዚያ ወዲያ ግጥም ማንበብ በቤተ መንግሥቱም በተማሪውም ዘንድ ተራ ነገር መሆኑ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ገነተ ልዑል ግቢ ከሰፋ በኋላ ደግሞ የኪነ ጥበባት ማዕከሉ ተቋቋመና ቴአትሩም ሙዚቃውም ግጥሙም ቤት አገኘ። የገብረ ክርስቶስ ስም የሚነሳው ከዚህ ዘመን ሰዎች፣ ከመንግሥቱ ለማ፣ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከሰሎሞን ደሬሳ ጋር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ገብረ ክርስቶስ በሕይወት ሳለ የግጥም መድበል አላሳተመም። ያን ሁሉ ስም ያተረፈው ግጥሞቹ በመጽሔት ብቅ እያሉ፣ በሰው አፍ እየተነበቡ፣ በእጅ እየተገለበጡ ነው። ዛሬ ላይ መጽሐፍ ያላሳተመ ሰው ገጣሚ ነኝ ቢል ስንቶቻችን እንሰማዋለን? የእሱ መጽሐፍ ጆሮ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ስንኙን ያሳጠረው። የለመድነው የወል ቤት አሥራ ሁለት ቀለም ይዞ፣ መሀል ላይ አርፎ፣ በረጅሙ ይንከባለላል። እሱ ሰባበረው። አንዳንዱ ስንኝ ሁለት ቃል፣ አንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ ነው። በወረቀት ላይ የተበተነ ይመስላል፤ አንባቢው ግን የት እንደሚተነፍስ አይቸገርም። ሥዕሉን የተቹት ሰዎች ግጥሙንም ተችተውታል፣ የአማርኛ ወግ አይደለም ብለው። ቅድም የነገርኳችሁ ታላቃችን ዛሬም በዚህ አቋም ጸንተዋል፤ ሆኖም ሀገሬ የሚለው ግጥም ሲነበብ ስኒያቸውን አስቀምጠው ነው የሚሰሙት።

ስለ ሀገሬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ብዙ ሰው የስደቱ ግጥም ይመስለዋል፤ ከሀገር ከወጣ በኋላ በናፍቆት የጻፈው። እንዲያ አይደለም። ግጥሙ ከስደቱ ብዙ ዓመት ይቀድማል። ያኔ ገብረ ክርስቶስ ሊመለስ የሚችል፣ ደግሞም የተመለሰ ሰው ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግጥሙ ይበልጥ ነው የከበደኝ። የናፍቆቱን ቃል አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ይመስላል።

ከጀርመን እንደተመለሰ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት። በ1950ዎቹ መጨረሻም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ነው፣ በመሥራቹም ስም ይጠራል። ወዳጄ በስልክ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲያስተምረው ጥሎት ወጣ፤ እሱ ሲያስተምርበት የነበረውን ቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቆይቶ የራሱ አደረገው። ፎቶው ከምሩቃን ረድፍ ካልገባ ከመምህራን ረድፍ ይግባ እንጂ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

አብዮቱ መጣ። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በየመጽሔታችን ጀርባ ያለው የስም ዝርዝር ይበቃል። ገብረ ክርስቶስ ከሀገር ወጣ፤ ተንከራትቶም በመጨረሻ አሜሪካ ገባ። የደረሰበት ቦታ ሎውተን ትባላለች፣ በኦክላሆማ ግዛት። ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ግጥሙን የሚሰማለት ሀበሻ በዙሪያው ይኖር ነበር። ያኔ ሎውተን ውስጥ በአማርኛ ግጥም የሚያነቡለት ስንት ሰው ይገኛል? ሁሉን ነገር በድምፅ ላይ ለጣለ ገጣሚ ከዚህ የባሰ ስደት አላውቅም። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ።

መጽሐፉ የመጣው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ። በጉባኤያችን የምናነበው ከዚሁ ነው፤ የእኔው ቅጂ ከብዙ እጅ የተነሳ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። ጀርመን ቀርተው የነበሩት ሥዕሎቹም ተመለሱና በ2000 ዓ.ም. ግድም ስድስት ኪሎ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። አምና ከፉሪ ስምንት ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ሦስት ታክሲ ቀያየርን። ግጥሙን በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ ሠዓሊ መሆኑን ግን ግማሾቹ አልሰሙም ነበር። አንዷ ልጅ አንድ ሥዕል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ከቀረች በኋላ፣ ልክ እንደ ግጥሙ ነው፣ ቦታ ይተዋል አለችኝ። ከእኔ የተሻለ ሃያሲ ናት።

ለመገናኛው በዓል ስድስት ኪሎ ስትመጡ ከግቢው ወደ ሙዚየሙ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከምሳ በፊት ብትገቡ ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ እርስ በርስ ወሬ ስለምንይዝ የሚንቀሳቀስ አይኖርም።