የጀምስ ብሩስ ሕይወትና የመንገዱ ባልንጀራ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የጉናን ተራራ ከኋላው ትቶ ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ሜዳ በደረሰ ጊዜ የጣና ባሕር ከሩቅ ይታየዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ቢዞር በእንፍራዝ አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ወደ ደቡብ ቢዞር ደግሞ በደራ በኩል አልፎ ዐባይ ከባሕሩ ወደሚወጣበት ስፍራ ይደርሳል። ነጋዴውም ወታደሩም ተማሪውም ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት መንገድ ነው። ደብረ ታቦር ገና ከተማ ሳትሆን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ዓመት፥ ቁመቱ እጅግ የረዘመ ጠጕሩም ቀይ የሆነ አንድ እንግዳ በዚሁ በባሕሩ ዳር አገር አለፈ። ስሙ ጀምስ ብሩስ ነው፤ የአገራችን ሰዎች ግን ያዕቆብ ብለው ይጠሩት ነበር። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ብሩስ ድፍረት ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ግን ሕይወቱን የምተርከው ስለ ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው እውነት ተናግሮ ሐሰተኛ ተባለ፤ እርሱም በበኩሉ አብሮት የደከመውን ሰው ስም ሰወረ። ሁለቱም ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ተገኝተዋልና አንዱን ትቶ ሌላውን ማውራት አይገባም።

ብሩስ በ1730 ዓመት በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በሚባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በሃሮ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ኋላም በኤዲንብራ ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር። በ1754 ዓመት የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ነገር ግን ጋብቻቸው ዓመት ሳይሞላው ሚስቱ በሳንባ ሕመም በፓሪስ ከተማ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይችል ሰው ሆነ። በእስጳንያና በፖርቱጋል ዞረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ ግዕዝንም ከሊቁ ከሉዶልፍ መጻሕፍት አጠና። የሉዶልፍ መምህር የነበሩት የመካነ ሥላሴው ሰው አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸውን ስናስብ፥ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ የጀመረው በአንድ ኢትዮጵያዊ ትምህርት ነው ማለት እንችላለን።

በ1763 ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። ሁለት ዓመት ከቈየ በኋላ ሹመቱን ተወና በራሱ ገንዘብ መጓዝ ጀመረ። ያን ጊዜ ሥዕል የሚሥልለት ሰው ፈልጎ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ከተማ ተወላጅ ኢጣልያዊ ወጣት ቀጠረ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስም በልብህ ያዘው። ሁለቱ በቱኒስና በትሪፖሊ አገር አለፉ፤ ወደ ሶርያም ተሻግረው የጥንቱን የፓልሚራንና የባልቤክን ፍራሽ አዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብሩስ በሊብያ ባሕር ዳር መርከብ ተሰብሮበት በዋና ወደ ምድር ወጥቷል። በ1768 ዓመት ወደ ግብጽ መጡ፤ ከዚያም እስከ ጅዳ ተጕዘው በ1769 ዓመት በሴፕቴምበር ወር ምጽዋ ደረሱ። የምጽዋው ናይብ ገንዘቡን ፈልጎ ብዙ ቀን አስጨነቀው። ከብዙ ድካም በኋላ በፌብርዋሪ ወር 1770 ዓመት ጎንደር ገቡ።

በጎንደር ያን ጊዜ የነገሡት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በትግሬው በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። በቍስቋም አረጋዊቷ እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። ብሩስ በደረሰበት ወራት ፈንጣጣ በከተማው ገብቶ የመኳንንቱ ልጆች ታመው አገኘ። ጥቂት ሕክምና ተምሮ ነበርና ወደ ቍስቋም ተጠራ። የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፤ ቤቱን በሆምጣጤ አሳጠበ፤ ከርቤም አስጤሰ። የራስ ሚካኤል ሚስት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ከሕመሙ ዳነ። እናቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚህ እንግዳ መከታ ሆኑለት። ደግሞ ከወታደሮቹ አንዱ ስለ ጠመንጃ ተከራክሮት፥ ብሩስ በጥይት ፈንታ የሻማ ቍራጭ አጕርሶ ተኵሶ ሦስት ጋሻ በሳ። ንጉሡ ባለሟል አደረጉት፤ የግሽንም መንደር በጕልት ሰጡት።

ልቡ የቈረጠው የዐባይን ምንጭ ለማየት ነበር። መጀመሪያ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር በጣና ምሥራቅ ዳር ወርዶ በሜይ ወር የጢስ ዐባይን ፏፏቴ አየ፤ ነገር ግን ጦርነት ስለ ነበረ ወደ ምንጩ ሳይደርስ ተመለሰ። በኦክቶበር ወር መጨረሻ እንደ ገና ከጎንደር ተነሣ። በዚያ ወራት የዳሞት ገዥ ፋሲል መንገዱን ይዞ ነበር፤ መጀመሪያም በንቀት ተቀበለው፥ ኋላ ግን ወደደው። መሸኛ እንዲሆነው ፈረሱን ኰርቻና ልጓም እንደ ጫነ ሰጠው፤ ብሩስም ሳይቀመጥበት ወደ ፊት እንዲያስነዳው አዘዘው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች የጌታቸውን ፈረስ ባዩ ጊዜ መንገደኞቹን በክብር አሳለፉ። ማኅተም ያለው ወረቀት በማይነበብበት አገር ፈረስ የይለፍ ደብዳቤ ሆነ።

በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ዓመት ብሩስ በሰከላ አገር የግሽ ዐባይን ምንጭ ከኮረብታው ላይ አየ። የአገሩ ሰዎች ስፍራው የተከበረ ነውና ጫማህን አውልቅ ቢሉት አወለቀ፤ ሁለት ጊዜም እየወደቀ ቍልቍለቱን ሮጠ። ከምንጩ ውኃ ቀድቶ በንጉሡ ስም ጠጣ። ወዲያው ግን ልቡ በኀዘን ተያዘ። ይህን ያህል አገርና ባሕር ያሻገረው ነገር በለምለም ሣር መካከል ያለች ትንሽ ምንጭ ሆነችበትና፥ የሚመለስበትን መንገድ እያሰበ ሌሊቱን በጭንቀት አደረ። ይህን ራሱ ጽፎታል፤ ስለ ጻፈውም አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ደስታውን ብቻ ይጽፍ ነበርና።

ባሉጋኒም አብሮት ነበር። በየቀኑ የሄዱበትን መንገድ በኢጣልያንኛ ይመዘግብ፥ የአየሩን ሙቀትና ብርድ ይጽፍ፥ ኮሶውንና እንሰቱን ሌላውንም የአገራችንን ዕፅዋት ይሥል ነበር። በ1771 ዓመት በጎንደር ታመመና ከአገሩ ርቆ ሞተ።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአምሓራው ጎሹ በራስ ሚካኤል ላይ ተነሥተው በሰርባኵሳ ተዋጉ። ብሩስ ከንጉሡ ጋር ነበርና ስለ ጀግንነቱ የወርቅ ሰንሰለት ተሸለመ። ራስ ሚካኤል ግን ተሸንፈው ተማርከው ወደ በጌምድር ተወሰዱ። የዚያ ዘመን ደም መፋሰስ ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ እኔም አላስረዝመውም።

ብሩስ በዲሴምበር መጨረሻ 1771 ዓመት ጎንደርን ተሰናብቶ በምድር መንገድ ወደ ግብጽ ጕዞ ጀመረ። በአትባራ አገር አንድ ሼክ ገንዘቡን ሽቶ ከለከለው፤ በስናር ንጉሥ ዘንድ ብዙ ወራት ታግዶ ተቀመጠ። ገንዘብ ባለቀበት ጊዜ በሰርባኵሳ የተሸለመውን የወርቅ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት እየፈታ ሸጦ ግመልና ስንቅ ገዛ። በሸንዲና በበርበር አድርጎ በኖቬምበር 1772 ዓመት የኑብያን በረሃ ገባ። የአሸዋ ዐምድ ከነፋስ ጋር ሲሄድ አዩ፤ መርዛም የሆነ ትኵስ ነፋስ መታቸው፤ እግራቸው ቈሰለ፤ ግመሎቹ ወደቁ። የቀሩትንም ግመሎች አርደው በሆዳቸው የተገኘውን ውኃ ጠጡ። በመጨረሻም ነፍሳቸውን ለማዳን ዕቃውን ሁሉ፥ የከዋክብት መለኪያውንና መነጽሩን ጽሑፉንና ሥዕሉን፥ በበረሃው ጥለው በእግራቸው አስዋን ደረሱ።

እዚህ ላይ የሰውየውን ታላቅነት ማየት ይገባል። እግሩ ሳይድን ከአስዋን ገዥ ግመሎች ለምኖ ሞትን ወዳየበት በረሃ ተመለሰ፤ ዕቃውንም እንደ ተጣለ አገኘው። ያዳነው የወርቅ ሣጥን አይደለም፤ ወረቀት ነው። ከወረቀቱም መካከል የሞተው ባልንጀራው የሣላቸው ሥዕሎች ነበሩ።

በ1773 ዓመት ፈረንሣይ ገባ፤ ሊቃውንቱ በክብር ተቀበሉት። ከኢትዮጵያ ካመጣቸው የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሣይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሌላውን ኋላ ለኦክስፎርድ ሰጥቷል። ኤውሮፓ ይህን መጽሐፍ በሙሉ ያገኘው በግዕዝ ነው፤ በ1821 ዓመት ሪቻርድ ሎሬንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው።

በ1774 ዓመት ሎንዶን በደረሰ ጊዜ ግን ሳቁበት። በኢትዮጵያ ሰዎች ጥሬ ሥጋ እንደሚበሉ ቢናገር ተረት ነው አሉት። በጌምድር ውስጥ ብርንዶ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ በሎንዶን ግን ይህ እንደ ቅዠት ተቈጠረ። ከተጠራጠሩት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ስመ ጥር ደራሲ ነበር፤ እርሱ በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ መንገድ ተርጕሞ ነበርና አገሩን ያወቀ መሰለው። ብሩስም ኵሩ ሰው ነበረ። ያላመኑትን በትዕግሥት ከማስረዳት ይልቅ ተቈጥቶ ወደ ኪኔርድ ገባ። ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ እርስዋም በ1785 ዓመት ሞተችበት። ከዚህ በኋላ ወዳጆቹ ለምነውት መጽሐፉን ጽፎ በ1790 ዓመት በአምስት ትልልቅ ክፍል አሳተመ። ኋላ የተጓዙ ሰዎች ከጻፈው ነገር አብዛኛው እውነት መሆኑን መስክረዋል።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ነውር አለ። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1618 ዓመት፥ ከንጉሡ ጋር ሆኖ የግሽን ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ከኤውሮፓ ሰዎች ሁሉ ቀዳሚ መባልን ወድዶ የፓኤዝን ምስክርነት ሐሰት ለማድረግ ብዙ ገጽ ፈጀ። የሰከላ ሰዎች ግን አያቶቻቸውም ሳይቀሩ ምንጩን ያውቁት ነበርና ክርክሩ ሁሉ በእንግዶች መካከል ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ባሉጋኒ ወደ ግሽ ሳይሄድ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሉንም ምስጋና ለራሱ አደረገው። እርሱን ሐሰተኛ ያሉት ሰዎች ይህን አላወቁም፤ እውነቱን ነቅፈው ሐሰቱን አሳለፉት። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠውን ትእዛዝ ስናነብ በፍርድ አደባባይ የሚቆመውን ሰው ብቻ እናስባለን፤ ዝም ብሎ ስምን መተውም በዚያ ውስጥ እንዳለ አናስተውልም።

በእኔም ላይ የደረሰ ነገር አለ። በተማሪነቴ ዘመን በክረምት ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ስመጣ በጉና ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ጠፋኝ። አንድ በግ ጠባቂ ልጅ እየመራ ወደ ዋናው መንገድ አወጣኝ። ከጓደኞቼ ጋር በተገናኘሁ ጊዜ ግን በራሴ ብልሃት እንደ ወጣሁ አወራሁና ተመሰገንሁበት። ስለ ልጁ የተናገርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።

ከብሩስ በኋላ በደቡብ አፍሪቃ አገሮች በእግሩ የተጓዘ ሌላ የስኮትላንድ ሰው አለ፤ እርሱ ዴቪድ ሊቪንግስተን ነው። ዛሬ ናሚቢያና ቦትስዋና ከሚዋሰኑበት ከሊንያንቲ ተነሥቶ የማኮሎሎ አለቃ ሴኬሌቱ ከሰጠው 27 ሰው ጋር በ1854 ዓመት በአንጎላ አገር ሉዋንዳ ደረሰ፤ ከዚያም ተመልሶ በዛምቤዚ ወንዝ ወርዶ በ1856 ዓመት በሞዛምቢክ ወደ ምሥራቁ ባሕር ወጣ። መንገዱ በሴኬሌቱ ሰዎችና በዝሆን ጥርሱ እንደ ተሠራ በመጽሐፉ ገልጾ ጻፈ። ማኮሎሎዎቹን በቴቴ ትቶ ሲሄድ ተመልሼ ወደ አገራችሁ አደርሳችኋለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው፤ በ1858 ዓመት ተመለሰ፤ በ1860 ዓመትም ሊመለሱ የወደዱትን ይዞ አደረሳቸው። ሊቪንግስተንም በመጨረሻ ዘመኑ የዐባይን ምንጭ ሲፈልግ በ1873 ዓመት ዛሬ ዛምቢያ በተባለው አገር ሞተ። ባልንጀሮቹ ሱሲና ቹማ ሬሳውን ተሸክመው ብዙ ወራት ተጕዘው እስከ ባሕሩ አደረሱት።

ብሩስ ከበረሃውና ከጦርነቱ ያመለጠ ሰው ሲሆን ሞቱ በገዛ ቤቱ ሆነ። በአፕሪል ወር 1794 ዓመት እንግዶች ጋብዞ ሳለ አንዲትን ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲሄድ ከደረጃው ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበር። በላርበርት ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ግዕዝ የሚያውቅ አሌክሳንደር መሪ የተባለ ሊቅ ወረቀቶቹን መርምሮ መጽሐፉን በ1805 ዓመት ዳግመኛ አሳተመ። ከወረቀቶቹ መካከል በባሉጋኒ እጅ የተጻፈ የመንገድ መዝገብ ተገኘ፤ በውስጡም ከጎንደር ወደ ግሽ የተሄደበት መንገድ በየዕለቱ ተጽፎ ነበር። ብሩስ ያን መዝገብ ከበረሃ አድኖ፥ ሃያ ዓመት ያህል በቤቱ አኑሮ፥ ሳያቃጥለው ሞተ። ባሉጋኒ የሣላቸው የአገራችን ዕፅዋት ሥዕሎችም በ1991 ዓመት በገዛ ስሙ በተጠራ መጽሐፍ ታትመው ወጡ።