ኤድዋርድ ጄነርና የፈንጣጣ ክትባት

ፈንጣጣ የሚባለውን በሽታ እናንተ በዓይናችሁ አላያችሁትም፤ ከወላጆቻችሁም ብዙዎቹ አላዩትም። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ ግን በገበያና በዕድር ቦታ የምታገኟቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች በደንብ ያስታውሱታል። ብርቱው የፈንጣጣ ዓይነት ከሚይዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ሠላሳ ያህሉን ይገድል ነበር። ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን በጠባሳ ይሞላዋል፤ የአንዳንዶቹንም ዓይን ያጠፋል። ይህ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ለመጥፋቱ መሠረት የጣለው ሰው የሕይወት ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ቀርቦላችኋልና በጥሞና አንብቡት።

ኤድዋርድ ጄነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1749 በእንግሊዝ አገር በርክሌይ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። አባቱ የአጥቢያው ቄስ ነበር። ጄነር ወላጆቹን በሕፃንነቱ በማጣቱ በታላላቆቹ እጅ አደገ።

በዚያን ዘመን ሰዎች ፈንጣጣን የሚከላከሉበት አንድ የቆየ ዘዴ ነበር። ይኸውም በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል እዥ ወስዶ በጤነኛው ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ዘዴ በአገራችንም በትግራይ፣ በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ይሠራበት ነበር። በዚህ መንገድ የተከተበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ዳግመኛም በበሽታው አይያዝም። ይሁን እንጂ ወደ ሰውነቱ የገባው እውነተኛው ፈንጣጣ በመሆኑ አንዳንዱ ይሞታል፤ በሽታውም ከእርሱ ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ጄነር ራሱ በስምንት ዓመቱ እንዲህ ተከትቦ ነበር። ከመከተቡ በፊት ደሙን እያፈሰሱና ምግብ እየከለከሉ ስላሰነበቱት፣ ያየውን ሥቃይ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ጄነር በልጅነቱ ከአንድ የገጠር ሐኪም ዘንድ ገብቶ ሙያውን ለሰባት ዓመት ተማረ። በ1770 ወደ ለንደን ሄዶ ከታዋቂው ሐኪም ከጆን ሃንተር ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ግን በትልቁ ከተማ መቅረትን አልመረጠም፤ ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ ገበሬዎችን ማከም ጀመረ።

በዚያ አገር ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላም ጡት የሚተላለፍ የላም ፈንጣጣ የተባለ ቀላል በሽታ እጃቸውን ያቆስላቸው ነበር። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በእውነተኛው ፈንጣጣ እንደማይያዝ ገበሬዎቹ ከልምድ ያውቁ ነበር። እንዲያውም ቤንጃሚን ጄስቲ የተባለ ገበሬ በ1774 ወረርሽኝ በቀረበ ጊዜ ከላም ቁስል እዥ ወስዶ ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን በመርፌ ከተባቸው። ሚስቱ ክንዷ አብጦ ክፉኛ ታመመች፤ ኋላ ግን ዳነች። ጎረቤቶቹም የእንስሳ በሽታ በቤተሰቡ ላይ ጨመረ ብለው ሰደቡት። ይህ አባት ያደረገው ለልጆቹ በማሰብ ነበር። ይሁንና ያደረገውን ለሌላው በጽሑፍ አላስተላለፈም።

ይህን ያደረገው ጄነር ነው። በ1796 በግንቦት ወር ሣራ ኔልምስ ከተባለች ላም አላቢ እጅ እዥ ወስዶ፣ ጄምስ ፊፕስ የተባለውን የስምንት ዓመት ልጅ ከተበው። የልጁ አባት መሬት የሌለው ድኃ የቀን ሠራተኛ ነበር። ልጁን ጥቂት ካተኮሰው በኋላ ተሻለው። ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ጄነር እውነተኛውን የፈንጣጣ እዥ በልጁ ክንድ ውስጥ አስገባ፤ በሽታው ግን ልጁን አልያዘውም።

እስቲ ራሳችሁን በዚህ አባት ቦታ አስቀምጡና አስቡ። ልጁን ቢከለክል ፈንጣጣው አንድ ቀን ከደጁ ይደርሳል፤ ቢፈቅድ ደግሞ ገና ያልተረጋገጠውን ነገር በልጁ ሰውነት ላይ ያስሞክራል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ እንዲደረግ የሕክምና ሕግ አይፈቅድም። አዲስ ክትባት በመጀመሪያ በቤተ ሙከራና በእንስሳት፣ ቀጥሎም ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ በየደረጃው ይፈተናል።

ጄነር ውጤቱን ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ቢያቀርብ ማስረጃው አነስተኛ ነው ተብሎ ተመለሰለት። እርሱም ሳይቀየም ተጨማሪ ሰዎችን ከተበ፤ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን የነበረውን የገዛ ልጁን ሮበርትንም ጨመረ። በልጁ ላይ ክትባቱ እንዳልያዘ እንኳ ሳይደብቅ፣ በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጻፈው።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። አንዳንዶች የተከተበ ሰው ቀንድ ያበቅላል እያሉ አስወሩ፤ ይህን የሚያሳይ የፌዝ ሥዕልም ታተመ። የሁሉም ወላጆች ሥጋት ግን ከንቱ ወሬ ብቻ አልነበረም። እዡ ከክንድ ወደ ክንድ ሲተላለፍ ሌላ በሽታ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ጄነር አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ብሎ ያምን ነበር፤ ኋላ ግን የክትባቱ ኃይል እየደከመ ስለሚሄድ መደገም እንዳለበት ታወቀ። እነዚህ ጉድለቶች የታረሙት ሰዎች ስለ ጠየቁና ሐኪሞችም ስለ መረመሩ ነው።

ጄነር በግቢው ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ጎጆ ድኆችን ያለ ክፍያ ይከትብ ነበር። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1802 አሥር ሺህ፣ በ1807 ሃያ ሺህ ፓውንድ ሸለመው። ለጄምስ ፊፕስም ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ሰጠው። በ1823 በጥር ወር ሲሞት ክትባቱ በብዙ አህጉራት ተዳርሶ ነበር።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ መኪና በማይገባበት አገር በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። በጎጃምና በሌሎችም ቦታዎች አያሌ ወላጆች የማያውቁት እንግዳ ይዞት የመጣውን ክትባት ተጠራጥረው፣ የለመዱትን የአገር ዘዴ መረጡ። እነርሱም ቢሆኑ ልጆቻቸውን የሚወዱ ነበሩ። ከታቢው የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ሲያስረዳና ሲያስፈቅድ ሥራው ይቃናለት ነበር። በመጨረሻም በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በተባለች መንደር አንዲት ሕፃን ታመመች፤ ከእርሷ በኋላ በኢትዮጵያ የፈንጣጣ በሽተኛ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው ከምድር መጥፋቱን በ1972 ዓ.ም. አወጀ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አዲሱ የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ክትባቱ መሰጠት ሲጀምር ያ የጥንቱ የወላጆች ጥያቄ እንደገና ተነሣ። የጄነር ሕይወት የሚያስተምረን ጥያቄው የሚያሳፍር አለመሆኑን ነው። የሚያሳፍረው መልሱን ከወሬ መፈለግ ነው። አስተዋይ ወላጅ በሽታው የሚያደርሰውን ጉዳት ክትባቱ ሊያደርስ ከሚችለው ጋር ያመዛዝናል፤ ማን እንደ መረመረውና በምን እንደ ተረጋገጠ ይጠይቃል፤ ከዚያም ሳይዘገይ ይወስናል። አለመወሰንም ራሱ ውሳኔ ነውና፤ በሽታው ቀጠሮ አይሰጥም።

«ክትባት» የሚለው ስም «ከተበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በግእዝ ትርጉሙ ጻፈ ማለት ነው። እናንተም ከ1968 ዓ.ም. በፊት የተወለዱ አንድ የአካባቢያችሁን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቀርባችሁ፣ በክንዳቸው ላይ የክትባት ጠባሳ እንዳለና ማን ወስዶ እንዳስከተባቸው በትሕትና ጠይቁ። የነገሯችሁንም በአንድ ገጽ ድርሰት ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።