ለሕፃናት የተሟገተው ሳሙኤል ቫን ሁተን

ሳሙኤል ቫን ሁተን በ1837 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር፣ ግሮኒንገን ከተማ ተወለደ። ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ፤ በ1869 ፓርላማ ገባ። ያኔ የድሃ ልጅ ውሎው ከደብተር ጋር ሳይሆን ከፋብሪካ መኪና ጋር ነበር።

ሊበራሉ ቫን ሁተን በ1874 ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር የሚከለክል ሕግ አስወጣ። ታዲያ ምን ያደርጋል! ሕጉ የእርሻንና የቤት ውስጥ ሥራን አልነካም፤ ተቆጣጣሪም አልተመደበለትም። ስለዚህ ብዙ ልጆች እዚያው ሥራቸው ላይ ቀሩ። ትምህርትን ግዴታ ያደረገው ሕግ የጸደቀው በ1900 ነው፤ እሱም 50 ለ49 በሆነ ድምፅ፣ ለጥቂት! ቫን ሁተን በ1930 አረፈ።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ የምንማረው አለ፦ ሕግ ብቻውን ልጅን ክፍል አያስገባም። የቀረውን ተማሪ የት ገባ ብሎ የሚፈልግ መምህር ያስፈልጋል።