የፖት ስብራት፦ ስሙ በቁርጭምጭሚት ላይ የቀረው ሐኪም

ሆስፒታሎች ስብራትን በፊደልና በቁጥር ይመዘግባሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 10ኛ እትም፣ ከጉልበት በታች ያለ ስብራት ቁርጭምጭሚትን ጨምሮ ኤስ 82 ነው። የቁርጭምጭሚቱ የውስጥ አጥንት ከሆነ ኤስ 82.5፣ የውጭው ከሆነ ኤስ 82.6 ይባላል። ከኮዱ በፊት ግን የቁርጭምጭሚት ስብራት በሰው ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬም "የፖት ስብራት" የሚሉ ሐኪሞች አሉ።

ፐርሲቫል ፖት በ1714 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወለደ። አባቱ የሞተው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ1729 በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም በነበረው በኤድዋርድ ኖርስ ሥር ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ በ1749 እሱም እዚያው ቀዶ ሐኪም ሆነ።

በ1756 በብርድ ወራት ከፈረስ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቁስል ስለሚመረቅዝ ሰውየውን ለማዳን እግሩን መቁረጥ የተለመደ ነበር። ፖት ሊያነሱት የመጡትን ከለከለ። በችኮላ ከተነሳ ስብራቱ እንደሚብስ ስለሚያውቅ ቀዝቃዛው መሬት ላይ እንደተኛ አሽከሩን ላከ፤ ሰው በወንበር ተሸክመው የሚያድሩ ሁለት ሰዎች የመሸከሚያ ዘንጎቻቸውን ይዘው እንዲመጡ። እስኪመጡ አንድ በር ገዛ። ዘንጎቹን በሩ ላይ አስቸነከረና በዚያ ወሳንሳ ተኝቶ ቤቱ ድረስ ተወሰደ። የተሰበሰቡት ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ አሉ፤ እሱም ተስማማ። መሣሪያው ተዘጋጅቶ ሳለ የድሮ መምህሩ ኖርስ ደረሰ፣ እግሩን አየና እናድነው አለ። እግሩም ዳነ።

ብዙዎች በስሙ የተጠራው ስብራት ይኸው የራሱ ነው ይላሉ። ስህተት ነው። የራሱ የቁርጭምጭሚት ስብራት አልነበረም። በስሙ የተጠራው ኋላ ስለ ስብራት ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ነው፦ ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሰበርና እግሩ ወደ ውጭ ሲዞር። የተሰበረን እግር ቀጥ አድርጎ በኃይል ከመጎተት ጉልበቱን አጥፎ ጡንቻውን ማላላት ይሻላል ብሎም አስተማረ። ጥሩ ወጌሻ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ለእኛ ለሶሻል ወርክ ተማሪዎች ግን ትልቁ ሥራው ከአጥንት ጋር አይገናኝም። በ1775 የለንደን የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የቆለጥ ከረጢት ካንሰር ጻፈ። እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው በጠባብ ጭስ ማውጫ ውስጥ እየተገፉ የሚገቡ ድሆች ነበሩ። በሽታውን ሌሎች ሐኪሞች የአባላዘር በሽታ ይሉት ነበር፤ ማለትም ጥፋቱን በታማሚው ላይ ይጥሉ ነበር። ፖት ምክንያቱ በቆዳቸው ላይ የሚቀረው ጥላሸት መሆኑን ተናገረ። ሥራ የሚያመጣው ካንሰር ሲገለጽ ይህ የመጀመሪያው ነው። በ1788 ፓርላማው ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ ሥራ እንዳይቀጠር ሕግ አወጣ፤ ሕጉን ግን የሚያስከብረው አልነበረም። ፖት የሞተው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው።

ያን ካንሰር ዛሬ መዝገቡ ሲ 63.2 ይለዋል። ኮዱ ሥጋውን እንጂ ጥላሸቱን አይናገርም። ከሥራ የመጣ መሆኑን የሚያመለክት ዋይ 96 የሚባል ሌላ ኮድ አለ። እሱ የሚጨመረው ግን አንድ ሰው ታማሚውን ምን ሥራ ትሠራለህ ብሎ ከጠየቀ ነው።