ባክሚንስተር ፉለርና የዓለም ጨዋታ

በተማሪነት ዘመናችን ጂኦግራፊ የተራሮችና የወንዞች ስም፣ ኢኮኖሚክስ ደግሞ የአቅርቦትና የፍላጎት ሕግ ሆኖ በየራሱ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን ነበር። ሁለቱን አጣምሮ በጨዋታ መልክ ለማስተማር ከደከሙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ባክሚንስተር ፉለር ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህን ሰው የምናውቀው ከሦስት ማዕዘኖች በተገጣጠመው ክብ ጣሪያው ነው። ስለ ጨዋታው ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉለር በ1895 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በሚልተን ከተማ ተወለደ። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ ስለተባረረ ዲግሪ አላገኘም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል አገልግሏል። በ1922 የመጀመሪያ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተችበት፤ ለሞቷም የመኖሪያ ቤት ጉድለት ድርሻ እንደነበረው ያምን ነበር። በ1927 ደግሞ ከአማቱ ጋር ካቋቋመው የሕንፃ መሣሪያ ኩባንያ ወጥቶ ያለ ሥራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ አረፈ፤ ይኸውም በጥቂት ቁሳቁስና ጉልበት ብዙ ሰው እንዴት ሊጠቀም ይችላል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በመጀመሪያ የተስተካከለ ካርታ ያስፈልግ ነበር። በተለመደው የመርካቶር ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን ያክላል፤ በእርግጥ ግን አፍሪካ አሥራ አራት እጥፍ ያህል ትበልጣለች። ፉለር በ1943 በላይፍ መጽሔት ያወጣው ካርታ አንባቢው በመቀስ ቆርጦ የሚገጣጥመው ነበር። በ1954 የተሻሻለው ደግሞ በሃያ ሦስት ማዕዘኖች ተከፍሎ ሲዘረጋ፣ አህጉራቱ ቅርጻቸውና ስፋታቸው ብዙም ሳይዛባ እንደ አንድ ደሴት ተያይዘው ይታያሉ።

በ1960ዎቹ ዓመታት ያቀደው የዓለም ጨዋታ የተመሠረተው በዚሁ ካርታ ላይ ነው። ስሙንም ያወጣው የጦር አዛዦች ከሚለማመዱት የጦርነት ጨዋታ ተቃራኒ እንዲሆን ነው። ተጫዋቾቹ የሕዝብ ብዛት፣ ማዕድን፣ እህልና ኃይል የት እንደሚገኝ በካርታው ላይ ያሰፍራሉ። ከዚያም ማንንም ሳይጎዱና ተፈጥሮን ሳያበላሹ ለሁሉም የሚበቃበትን መንገድ ይሻሉ። አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት ጨዋታ አይደለም።

ፉለር ጨዋታው በ1967 በሞንትሪያል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን በአሜሪካ ድንኳን ውስጥ እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት 76 ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ሕንፃውን ተቀብሎ ሲያሠራ፣ ጨዋታውን ግን ተወው። ፉለር በዚህ ተስፋ ሳይቆርጥ በ1969 በኒውዮርክ ተማሪዎችን ሰብስቦ አጫወታቸው። እሱ ከጨዋታው ያገኘው ዋና መደምደሚያ የዓለም የኤሌክትሪክ መሥመሮች ይያያዙ የሚል ነው። ምክንያቱም በአንዱ የምድር ወገን ሰው ተኝቶ ሥራ የሚፈታው የኃይል ማመንጫ፣ ቀን ለሆነበት ወገን ሊያገለግል ይችላል። ፉለር በ1983 በ87 ዓመቱ ከሞተ በኋላም ተከታዮቹ ሰፊ ካርታ በአዳራሽ ወለል ላይ እየዘረጉ ጨዋታውን ቀጠሉ።

የጨዋታው ድካም አልተሰወረም። ፉለር ጥሩ ንድፍ ከተገኘ ፖለቲካ አያስፈልግም እስከማለት ደርሶ ነበር። ነገር ግን በአዳራሽ ድርሻውን ለባልንጀራው የሚለቅ ተጫዋች ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወንዙን ወይም ማዕድኑን ለድርድር የሚያቀርብ ሀገር ግን ውጤቱን ለትውልድ ይሸከማል። የኤሌክትሪክ መሥመር ከድንበር ለማሻገር ከሽቦው ይልቅ የሚያስቸግረው የዋጋ፣ የዕዳና የመተማመን ጉዳይ ነው።

ይህም ሆኖ የፉለር ድካም ከንቱ አይባልም። በካርታው ላይ የቆመ ተማሪ እህሉ በአንድ ስፍራ፣ ረሃብተኛው በሌላ ስፍራ መሆኑን በዓይኑ ያያል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍልም ለማስላት ይገደዳል። ግድብም ሆነ መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ በየዕለቱ የሚሠራው ይህንኑ ስሌት ነው፤ ስለሆነም ገና በተማሪነቱ ቢለማመደው ይጠቀማል።