ፈቃድ ያልነበረው የግል መርማሪ፦ ቪዶክ

ፈረንሳዊው ቪዶክ በ1775 እ.ኤ.አ. አራስ ከተማ ከዳቦ ጋጋሪ አባት ተወለደ። በልጅነቱ የወላጆቹን ገንዘብ ሰርቆ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው መታሰርና ማምለጥ ሆነ። ኋላ ግን ለፖሊስ ጠቋሚ ሆኖ ገባና የፓሪስን የወንጀል ምርመራ ክፍል እስከ መምራት ደረሰ። ሌባን ሌባ ያውቀዋል ብሎ ነው መሰለኝ፣ የቀድሞ እስረኞችን ይቀጥር ነበር።

በ1833 የራሱን የምርመራ ቢሮ ከፍቶ ነጋዴዎችን ከአጭበርባሪ መጠበቅ ያዘ። እዚህ እስራኤል በ1972 ከወጣው ሕግ ወዲህ የግል መርማሪ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ያኔ ግን ማን ይሥራ፣ እስከ ምን ድረስ ይመርምር የሚል ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ፖሊስም አላመነውም፤ በ1837 ቢሮውን በርብሮ ከ3000 በላይ መዝገቦች ወሰደበት። በ1843 አምስት ዓመት ተፈረደበት። በይግባኝ ነፃ ቢወጣም ወራት ታስሮ ስለነበር ሥራው ተዳከመ። በ1857 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።