ለገበሬው የጻፈው ወጣት፦ ጌኦርግ ቡሽነር

እ.ኤ.አ. በ1834 በጀርመን የሄሰን መስፍናዊ ግዛት ስምንት ገጽ ያላት በራሪ ጽሑፍ በምሥጢር ታተመች። ስሟ “የሄሰን የገጠር መልእክተኛ” ሲሆን የተጻፈችውም ለገበሬዎች ነበር። ከ700 ሺሕ የሚበልጠው የግዛቱ ሕዝብ በየዓመቱ ከ6 ሚሊዮን ጉልደን በላይ እንደሚገብር በአኃዝ ዘርዝራ፣ ገንዘቡ በሹማምንቱ፣ በጦሩና በመስፍኑ ቤት እንዴት እንደሚበላ ታሳያለች። ጸሐፊው ጌኦርግ ቡሽነር ገና የ20 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር።

ቡሽነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1813 በጎደላው መንደር ከሐኪም አባት ተወለደ። ሕክምናን በስትራስቡርግና በጊሰን ተማረ። የተራበን ገበሬ የሚያነሣሣው የተማሩ ሰዎች የሚከራከሩበት የፕሬስ ነጻነት ሳይሆን የዕለት እንጀራው ጉዳይ ነው የሚል እምነት ነበረው። የትግል አጋሩ ፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ቫይዲግ ግን ጽሑፉን ሲያርም ባለጸጎች የሚለውን ቃል መኳንንት በሚል ተካው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችንም ጨመረበት።

ጥረቱ አልሰመረም። ሤራው በጥቆማ ተጋለጠ፤ ጽሑፉን ይዞ ሲጓዝ የነበረ ጓደኛውም ተያዘ። በራሪ ጽሑፉ ከደረሳቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ ለፖሊስ እንዳስረከቡት ይነገራል። ቡሽነር በእስር ሥጋት ውስጥ ሆኖ “የዳንቶን ሞት” የተሰኘውን ተውኔት በአምስት ሳምንት ገደማ ጻፈና እ.ኤ.አ. በ1835 ወደ ስትራስቡርግ ሸሸ።

በስደት ሳለ በአንድ የወንዝ ዓሣ የነርቭ ሥርዓት ላይ ባደረገው ጥናት ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ፤ በዚያውም ማስተማር ጀመረ። በዚህ ጊዜ የጀመረው “ቮይትሴክ” የተሰኘው ተውኔት ዋና ገጸ ባሕርይ ድኻ ወታደር ነው። ወታደሩ ቤተሰቡን ለመደጎም ሲል ለሐኪም ሙከራ ራሱን አከራይቶ አተር ብቻ ይመገባል።

ቡሽነር ተውኔቱን ሳይጨርስ በተስቦ ታምሞ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1837 በ23 ዓመቱ ዙሪክ ውስጥ ዐረፈ። ቫይዲግም ከአራት ቀናት በኋላ በእስር ቤት ሳለ ሞተ።

“ቮይትሴክ” ለመድረክ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1913 ሙኒክ ውስጥ ነው። በ1925 ደግሞ የአልባን ቤርግ ኦፔራ ሆኖ በበርሊን ታየ። ከነገሥታትና ከመሳፍንት ይልቅ ድኻውን የትራጄዲ ባለቤት ያደረገው ይህ ተውኔት ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች መድረክ ላይ ይታያል። የትውልድ ግዛቱ በማዘዣ ያሳደደው ወጣት ስምም ዛሬ የጀርመን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት መጠሪያ ሆኗል።